ውሃ ልትቀዳ የወረደች

እታገኘሁ ያን ቀን ማስታወቂያውን ለብቻዋ ልታነበው ቆርጣ ነበር። አራት የተጣጠፉ ቀሚሶች በክንዷ ታቅፋ፣ ነጠላዋን ነፋሱ እየገፈፋት፣ የአዳራሹ በር ፊት ቆመች። ጥቅምት 1998 ዓ.ም.፣ ረቡዕ ረፋድ ላይ ነው። ከካራማራ በኩል የተነሳው ነፋስ የጅግጅጋን አቧራ ከአንዱ ሰፈር ወደሌላው እያጋዘ፣ አዲስ የተለጠፈውን ወረቀት ጫፉን ይዞ ያርገበግበዋል።

አዳራሹ ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ባለቤቱ ሲሞት ልጆቹ ለሰፈሩ ሰጡት፤ ሰፈሩም አዋጥቶ መድረክ ሠራበት። በዓመት ሁለት ጊዜ የመጪው ወቅት ትዕይንቶች ዝርዝር በሩ ላይ ይለጠፋል፤ በግራ በኩል በሶማሊኛ፣ በቀኝ በኩል በአማርኛ። እታገኘሁ የተዋናዮቹን ልብስ መስፋት ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆኗታል። በነዚህ ስድስት ዓመታት ዝርዝሩን የሚያነብላት ሌላ ሰው ነበር። አሁን ግን የጎልማሶች ትምህርት ከገባች ዓመት ከስድስት ወር ሞላት፤ አስተማሪዋም ባለፈው ሳምንት ወደ ሦስተኛው መጽሐፍ አሳልፈዋታል።

አላፊ አግዳሚው እንዳያይባት ጣቷን በነጠላዋ ሥር ደብቃ፣ በአየር ላይ ፊደሉን እየተከተለች አነበበች። አንደኛ፣ የሕፃናት ሰርከስ። ሁለተኛ፣ መምህራን የሚሠሩት አስቂኝ ቲያትር። ሦስተኛ፣ የሴቶች የግጥም ቀን። እዚህ ላይ ስትደርስ ሳታስበው ፈገግ አለች፤ ሦስቱንም ሳትሳሳት ማንበቧ ነው ደስ ያላት። ቀጠለች።

አራተኛ፣ «ውሃ ልትቀዳ የወረደች»፤ በዘፈን የታጀበ ተውኔት፤ ድርሰት በባሺር።

ፈገግታዋ እዚያው ቀረ። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብላ ከ«ውሃ» ጀምራ እንደገና አነበበች። ሦስተኛ ጊዜም አነበበች። ፊደሎቹ አልተለወጡም። ማንበብ ባልቻልኩ ብላ የተመኘችው በሕይወቷ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ውሃ ልትቀዳ ከባቡር ስለወረደች ሴት በዚህ ምድር ላይ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዷ እታገኘሁ ናት። ሌላው፣ ራሷ በገዛ እጇ የጻፈችለት ሰው።

ባሺርን ያወቀችው በልብስ ልክ ነው። ሥራው በጅቡቲ ድንበር፣ ደወሌ ነበር፤ ከጉምሩኩ አጠገብ የአንድ ነጋዴ የጭነት ሰነድ ጸሐፊ ነው። በወር አንድ ሳምንት ግን ወደ ጅግጅጋ ይመጣና ለአዳራሹ ተውኔት ይደርሳል። አንድ ቀን ኮት ሊያስጠብብ ገባ። ትከሻውን ስትለካ እስትንፋሷን ይዛ እንደነበር ያወቀችው እሱ ከወጣ በኋላ ነው። ሚስቱን የፈታ፣ የሁለት ልጆች አባት፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚከድን ሰው ነበር። እሷ ባልዋ የሞተባት፣ አንዲት ልጅ የምታሳድግ፣ አንገቷ ላይ ማተብ ያለባት ሴት ናት። የባሺር ታላቅ እህት ኻድራ ነገሩን ስትሰማ፣ ወገኗ የማይታወቅ ልብስ ሰፊ ቤቴን አትረግጥም ብላ ምላ ነበር። የእታገኘሁም የዕድር ጓደኞች ቢሆኑ ሲያይዋት ወሬያቸውን ያቋርጡ ጀመር።

ከደወሌ የመጀመሪያውን ደብዳቤ በአንድ የጭነት መኪና ሾፌር እጅ ላከላት። እታገኘሁ ያን ደብዳቤ አሥራ አንድ ቀን በጉያዋ ይዛው ዞረች። ለማን ታስነብበው? ለልጇ? ለጎረቤት? በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሄዳ ለጎልማሶች ትምህርት ተመዘገበች። አጠገቧ የግመል ወተት ሻጭና አንድ ዘበኛ ተቀምጠው «ሀ ሁ» ሲሉ እሷም አብራ አለች። ደብዳቤውን ራሷ አንብባ የጨረሰችው ከአራት ወር በኋላ ነው። መጨረሻው ላይ «መልስሽን እጠብቃለሁ፤ አትቸኩዪ» ይል ነበር።

መልሷን ስትጽፍ አራት ቀን ፈጀባት። የመጀመሪያ ደብዳቤዋ ነውና ትንሽ ነገር ልትጽፍበት አልፈለገችም። ማንም የማያውቀውን ጻፈችለት። በ1985 ዓ.ም. ከለቅሶ ስትመለስ በባቡር ወደ ድሬዳዋ እየሄደች ነበር። አፍደም ጣቢያ ላይ አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት የሁለት ዓመት ሕፃን ልጇን «ያዢልኝ» ብላ ሰጠቻትና ጀሪካን ይዛ ውሃ ልትቀዳ ወረደች። ባቡሩ ሴትየዋን ሳይጠብቅ ተነሳ። እታገኘሁ በማግስቱ ሕፃኗን አዝላ ድሬዳዋ ጣቢያ ሄዳ ተቀመጠች፤ ከአፍደም በኩል የመጣ ባቡር አልነበረም። በሁለተኛው ቀን ባቡሩ መጣ። ከሩቅ ሲታያት፣ ስምንት ዓመት በትዳር ኖራ አንድ ልጅ ያላቀፈችው እታገኘሁ፣ ሴትየዋ እንዳትወርድ ጸለየች። አልወረደችም። በሦስተኛው ቀን ወደ ጣቢያው አልሄደችም። ባልዋ ተክለማርያም የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነበር፤ ለፖሊስ እንንገር ሲላት አለቀሰችበት፤ እሱም ተወው። እሱ ሲሞት ማንም ወደማያውቃት ወደ ጅግጅጋ ልጇን ይዛ መጣች።

ያቺ ሕፃን ሀይማኖት ናት። አሁን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ምንም አታውቅም። እታገኘሁ ቀን ከሌሊት የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጇ ይህን ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማ።

የአዳራሹ ኃላፊ ዑባህ ከውስጥ ወጥታ አገኘቻት። ወፍራም ሴት ናት፤ ስትናገርም ስትሄድም ትቸኩላለች። ቀሚሶቹን ከክንዷ ላይ እየተቀበለች ስለ አራተኛው ተውኔት አወራቻት። ባሺር እንዲህ ያለ ነገር ሠርቶ አያውቅም፤ በልምምዱ ላይ ከበሮ መቺው ሳይቀር አልቅሷል፤ የዘንድሮው ወቅት በዚህ ነው የሚታወሰው አለቻት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ሊነገርሽ አይገባም ነበር ግን አላስችል አለኝ ብላ፣ የሕፃኗን ዘፈን የምትዘፍነው ሀይማኖት መሆኗን ነገረቻት።

«የኔ ሀይማኖት?» አለች እታገኘሁ።

«ሌላ ሀይማኖት አለን እንዴ፣ አባዮ፣ እህቴ?» አለችና ዑባህ ሳቀች። «ዓርብ ራስሽ ትሰሚያታለሽ።»

ዓርብ የመቅመሻው ቀን ነው። ወቅቱ ከመከፈቱ በፊት፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ከእያንዳንዱ ትዕይንት አንድ አንድ ዘፈን በግቢው ውስጥ ለከተማው ሰው በነፃ ይቀርባል። ነጋዴው፣ የቢሮ ሠራተኛው፣ ወተት ሻጯ፣ ተማሪው፣ ሁሉም ይመጣል። ያን ቀን የተወደደ ዘፈን በማግስቱ በገበያው ሁሉ ይዘፈናል። ዓርብ ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው።

ከውስጥ የከበሮ ድምፅ ተሰማ። እታገኘሁ በጎን በር ገብታ፣ ልብስ ከሚሰቀልበት መጋረጃ ኋላ ቆመች።

ባሺር ጀርባውን ሰጥቷት መድረኩ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። እንደ ልማዱ ነው የሚያስጠናው። በዚህ አዳራሽ ተውኔት በወረቀት አይሰጥም፤ ከተዋናዮቹ ግማሾቹ ማንበብ አይችሉም፤ የሚችሉትም ቢሆኑ በጆሮ የገባ ነገር አይጠፋም ብለው ያምናሉ። ባሺር አንድ ስንኝ ይላል፤ ተዋናዩ ይደግመዋል፤ ሌላ ይጨምራል፤ ያም ይደገማል። በጥቂት ወራት ውስጥ ሙሉው ተውኔት ከእሱ አፍ ወደ ሌሎቹ አፍ ይተላለፋል።

ፊቱ የቆመችው ዐያን ናት፤ የአዳራሹ ዋና ተዋናይ። ከእታገኘሁ እጅ የወጣ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች። ባሺር በሶማሊኛ አንድ ስንኝ አላት። እታገኘሁ ሶማሊኛዋ የገበያ ሶማሊኛ ነው፤ ዋጋ ትከራከርበታለች፣ ሰላምታ ትሰጥበታለች፤ ግጥም ያመልጣታል። ይህ ግን አላመለጣትም። ዐያን ሁለት እጆቿን ወደ ፊት ዘርግታ ደገመችው፦ በሁለተኛው ቀን እንዳትመጣ ጸለይኩ፤ በሦስተኛው ቀን አልሄድኩም።

እታገኘሁ መጋረጃውን ጨብጣ ያዘች። በአራት ቀን የጻፈቻቸው ቃላት ነበሩ። ከነሱ ውስጥ «ጸለይኩ» የሚለውን ሦስት ጊዜ በላጲስ አጥፍታ ነው የጻፈችው። አሁን ያን ኀዘን የማታውቅ ወጣት ሴት አምሮባት ትላቸዋለች።

ከዚያ ከበሮው ቆመ፤ ከመድረኩ ግራ በኩል ሀይማኖት ወጣች። የትምህርት ቤት ልብሷን እንደለበሰች ነበር። እጆቿን አጣምራ፣ አገጯን ትንሽ ቀና አድርጋ፣ በሶማሊኛ ዘፈነች። እናቷን ባቡር ላይ ሆና የምትጠራ ሕፃን ዘፈን ነው። ድምጿ ንጹሕ ነበር፤ አላወቀችምና ምንም አልተንቀጠቀጠም። ስትጨርስ ባሺር ተነስቶ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋትና፣ «ጎበዝ፣ ልጄ» አላት።

እታገኘሁ ያን «ልጄ» የሚለውን ቃል ከእሱ አፍ ለመስማት ሁለት ዓመት ሙሉ ተመኝታ ነበር።

ተዋናዮቹ ለምሳ እስኪበተኑ ድረስ በአልባሳቱ ክፍል ውስጥ ጠበቀችው። ሀይማኖት ከጓደኞቿ ጋር እየሳቀች ስትወጣ በመስኮቱ አየቻት። ባሺር መጣ። ስትጠብቀው ሲያያት ፊቱ በራ፤ እንደ ልማዱም ፈገግታውን በእጁ ከደነው።

«ሰማሽው እንዴ?» አላት። «ዓርብ ድረስ እንዳይነግሩሽ ሁሉንም አስምያቸው ነበር።»

«ሰማሁት።»

«እና?»

ፊቷን አይቶ ልቧ የተነካ መሰለውና ማስረዳት ጀመረ። ደብዳቤዋን ደወሌ ላይ ሲያነበው ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ እንዳልወሰደው፣ እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ሰው ደረት ውስጥ ተቀብሮ መቅረት እንደሌለበት ነገራት። በወገኖቹ ዘንድ ልብን የከበደ ነገር በግጥም ይወጣል፤ በግጥም የወጣን ነገር ማንም አይንቀውም፤ ሰው ቆሞ ይሰማዋል አላት። ስሟን አልጠራም፤ ድሬዳዋንም ሌላ ከተማ አድርጎታል። ከዚያ ወደ ዋናው ነገር መጣ። ባለፈው እሑድ እህቱን ኻድራን ወደ ልምምዱ አምጥቷት ነበር።

«አለቀሰች፣ እታገኘሁ» አላት፤ ድምፁ ራሱ ሊያለቅስ ደርሶ ነበር። «ያቺ ስምሽን መስማት የማትወደው እህቴ አለቀሰችልሽ። እንዲህ ያለችውን ሴት ማን ቤቱ አያስገባትም አለች። በራሷ አፍ አለች።»

«ለኔ አይደለም ያለቀሰችው። ለዐያን ነው።»

«አንቺ መሆንሽን ስታውቅ…»

«ልትነግራት ነው?»

ባሺር ዐይኑን አሸሸ። ሊነግራት ነበር። እታገኘሁ ያን ጊዜ ገባት፤ የልቧን ነገር አውጥቶ የእህቱን ፈቃድ ሊገዛበት ነበር። በክፋት አይደለም። ክፋት ቢሆን ኖሮ ይቀላት ነበር፤ ትጠላውና ትገላገላለች።

«ልጄንስ ለምን?» አለችው።

«ድምጿ ነው። ሌላ የሚችለው ሰው አጣሁ። ስትዘፍነው አየሻት አይደል?»

«አየኋት» አለች እታገኘሁ ቀስ ብላ። «እኔ አየኋት፤ አንተ ግን አላየሃትም። በየቀኑ ፊቷ ቆመህ፣ እሷ የማታውቀውን አንተ እያወቅህ፣ የገዛ ራሷን ለቅሶ አንድ አንድ ስንኝ እያደረግህ አስጠናሃት። እንዴት አስቻለህ?»

ባሺር አንድ የልብስ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ይህን በዚህ መልክ አስቦት እንደማያውቅ ከፊቱ ታየ። ስለ ስንኙ አስቧል፣ ስለ ከበሮው አስቧል፣ ስለ ኻድራ እንባ አስቧል። ልጅቷን በጆሮው ብቻ ነበር የሚያውቃት።

እታገኘሁ እጇን ዘረጋች። «ወረቀቱን ስጠኝ።»

«የቱን ወረቀት?»

«የተውኔቱን።»

ከጠየቀች በኋላ ነው የታወሳት። ስድስት ዓመት እዚህ ሠርታ እንዴት ረሳችው? ወረቀት የለም። ተቀዶ የሚጣል፣ ምድጃ ውስጥ የሚገባ ነገር የለም። ተውኔቱ በአሥራ ዘጠኝ ሰው አፍ ውስጥ ነው ያለው፤ አሥራ ዘጠኙም በዚህ ሰዓት ምሳቸውን እየበሉ ለቤተሰባቸው እያንጎራጎሩት ይሆናል።

«ካንቺ ደብዳቤ በቀር ወረቀት የለውም» አላት ባሺር፤ ከሸሚዙ ኪስም አወጣው።

ብዙ ከመታጠፉ የተነሳ ማጠፊያው ላይ ሊቀደድ ደርሷል። ተቀበለችውና ዘረጋችው። ትልልቅና ጎባጣ ፊደሎቿን አየች፤ ከመስመሩ የወጡትን፣ በላጲስ የተፋቁትን። በጎናቸው ግን የሷ ያልሆነ ጽሑፍ አለ፤ በቀይ እስክሪብቶ፣ በሶማሊኛ። «ጸለይኩ» የሚለው ሥር ተሰምሮበታል።

«እዚህ ጋ ምን ይላል?»

«ተይው እታገኘሁ።»

«አንብብልኝ። ማንበብ የማልችለው እሱን ነው።»

ባሺር አንገቱን ደፋ። «‹እዚህ ላይ ከበሮው ይቁም› ይላል።»

ውጭ ነፋሱ የቆርቆሮውን ጣሪያ ያንኳኳል። ከዚያ ባሺር ተነስቶ፣ አሁኑኑ ሄጄ ለዑባህ እነግራታለሁ፣ ተውኔቱ ከዝርዝሩ ይወጣል፣ ሰርከሱ በሱ ቦታ ይደረግ አለ። እታገኘሁ ራሷን ነቀነቀች። ዓርብ ቢቀር ከተማው ሁሉ ለምን ቀረ ብሎ ይጠይቃል፤ ከሁሉ በፊት የምትጠይቀው ደግሞ ዘፈኗን የተቀማችው ልጅ ናት። ቢቀርም ባይቀርም መንገዱ አንድ ሆኖባታል። ለልጇ መንገር ያለባት እሷ ናት፤ ከዓርብ በፊት።

ደብዳቤውን አጥፋ በጉያዋ ከተተችው።

«ከእንግዲህ አትጻፍልኝ» አለችው።

«እታገኘሁ፣ እወድሻለሁ እኮ።»

«አውቃለሁ» አለች። «ያሳመመኝ እሱ ነው።»

ወደ ቤቷ ስትሄድ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተጻፈውን ሁሉ ሳትፈልግ አነበበችው። «ሻይ ቤት»። «የሞባይል ካርድ አለ»። «ጎማ እንጠግናለን»። እነዚህን ፊደሎች የቆጠረችው ለሱ ብላ ነበር፤ አሁን ዐይኗን ጨፍና ካልሄደች በቀር የምትሸሸው አንድም ቦታ አልነበራትም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሱቆች ተዘጉ። በዚያ ሰዓት ከተማው ጫቱን ይዞ ይቀመጣል፤ መንገዱ ላይ ከፍየሎች በቀር የሚዞር የለም። እታገኘሁ የልብስ ስፌት ቤቷን በር መለሰችው። ሀይማኖት ምንጣፉ ላይ እግሯን ዘርግታ፣ ለሰርከሱ ልጆች ከተሰፋው ሱሪ ላይ ጊዜያዊውን ክር እየመዘዘች ነበር። ሳታውቀው ዘፈኑን ታንጎራጉራለች።

እታገኘሁ ሌሊቱን ሙሉ እንዴት እንደምትጀምር ስታስብ አድራለች። ደብዳቤውን ላንብብላት ብላም አስባ ነበር፤ ግን ቀይ እስክሪብቶ ካለበት ወረቀት ለልጇ ልትነግራት አልፈለገችም። ስለዚህ ፊት ለፊቷ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠችና በቃሏ ነገረቻት። ከለቅሶው ጀመረች። ባቡሩን፣ አፍደምን፣ ጀሪካኑን፣ የመጀመሪያውን ቀን፣ ሁለተኛውን ቀን ነገረቻት። ሁለተኛው ቀን ላይ ስትደርስ ጸሎቷን አልዘለለችውም። ሦስተኛውንም ቀን ነገረቻት።

ሀይማኖት መጀመሪያ ላይ ፈገግ ብላ ነበር የምትሰማት። እናቷ የተውኔቱን ታሪክ የምትተርክላት መስሏት፣ «አውቀዋለሁ እኮ እማዬ» አለቻት። ቀጥሎ ክሩን መምዘዝ አቆመች። ቀጥሎ ደግሞ ፊቷ ቀስ በቀስ የማታውቀው ሰው ፊት ሆነ፤ እታገኘሁ አሥራ ሦስት ዓመት ስትፈራው የኖረችው ፊት ነበር።

ስትጨርስ ልጅቷ አላለቀሰችም። ሱሪውን አጥፋ ጎኗ አስቀመጠችው።

«አዴር ባሺር ያውቃል?» አለች። ካወቀችው ጀምራ በሶማሊኛው አጎት እያለች ነው የምትጠራው።

«ያውቃል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጻፍኩለት ጀምሮ። ስምንት ወር ይሆነዋል።»

ሀይማኖት ስምንት ወሩን በአእምሮዋ ወደ ኋላ ስትቆጥር ታየቻት፤ ቤታቸው ሻይ የጠጣባቸውን ቀናት፣ ስለ ድምጿ ያመሰገናትን፣ ትከሻዋን የመታትን ሁሉ።

«ለሱ ነገርሽው» አለች በመጨረሻ። ድምጿ ከፍ አላለም። «የኔን ነገር ለኔ ሳትነግሪኝ ለሱ ጻፍሽለት። እሱ ለዐያን ሰጣት፣ ዐያን ለሁሉም። እሱን ትቆጪዋለሽ። መጀመሪያ የሰጠው ግን ማነው?»

እታገኘሁ ከትናንት ረፋድ ጀምሮ የተከዳሁ እኔ ነኝ ብላ ነበር የዋለችውና ያደረችው። ምስጢሬን፣ ደብዳቤዬን፣ ጸሎቴን ስትል አንድ ጊዜም የልጄን አላለችም። ያ ታሪክ ግማሹ የሷ አልነበረም። ባቡሩ ላይ በጭኗ የተቀመጠችው ሕፃን ታሪክ ነበር፤ እሷ ግን ለሚወዳት ሰው የምትሰጠው ሌላ ትልቅ ስጦታ ስላልነበራት አንስታ ሰጠችው።

«እኔ ነኝ» አለች። «አንቺን ሳልጠይቅሽ ሰጠሁት።»

ይቅርታ አልጠየቀችም። ያን ቃል አሁን ብታወጣው ልጇ እንድታጽናናት መጠየቅ ይሆንባት ነበር።

ሀይማኖት ተነስታ ወደ በሩ ሄደች፤ አልከፈተችውም። ግንባሯን በእንጨቱ ላይ አሳርፋ ጀርባዋን ለእናቷ እንደሰጠች ቆመች። ከዚያ፣ ሴትየዋ ምን ትመስል እንደነበር ጠየቀቻት። እታገኘሁ የምታስታውሰውን ሁሉ ነገረቻት፤ ቀጭን እንደነበረች፣ ብርቱካናማ ሻሽ እንዳሰረች፣ ስትወርድ ሁለት ጊዜ ዞራ እንዳየች። ትንሽ ነገር ነበር። አሥራ ሦስት ዓመት የበለጠ እንዳታስታውስ ስትታገል ኖራ፣ አሁን የበለጠ በኖረኝ ብላ ተመኘች።

«ዘፈኑን ልዘፍነው እችላለሁ፤ ላልዘፍነውም እችላለሁ» አለች ሀይማኖት። «ለዑባህ እኔ ራሴ ነው የምነግራት። አንቺም እሱም አትነግሯትም።»

«እሺ።»

«እሱ ደግሞ እዚህ ቤት አይምጣ።»

«እሺ» አለች እታገኘሁ፤ ይሄኛው ከፊተኛው ይልቅ ከበዳት።

ከጎረቤት የሬዲዮ ድምፅ ይመጣል። ከዚያ እታገኘሁ፣ ያልጻፍኩት አንድ ነገር አለ አለች። ደብዳቤው ውስጥ ልታስገባው ፈልጋ እርሳሱን አንስታ ነበር፤ እጇ እንቢ አላት፤ ለባሺርም፣ ለሞተው ባልዋም፣ ለንስሐ አባቷም ነግራው አታውቅም። ፈርታ ነበር፤ ያን ቃል ከአፏ ካወጣችው ልጅቷን ይዟት የሚሄድ ይመስላት ነበር።

ሀይማኖት ዞር አለች።

«ስትወርድ በስምሽ ጠርታ ተሰናበተችሽ» አለች እታገኘሁ። «ኢዲል ነበር ያለችሽ።»

የልጅቷ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ሳታወጣ አንድ ጊዜ አለችው፣ ቀጥሎ ደግሞ በቀጭኑ፣ ለራሷ ብቻ በሚሰማት ድምፅ። እታገኘሁ የሶማሌው ስም የልጇን አፍ ሲሞላ እያየች ተቀመጠች። ተነስታ ልታቅፋት ፈለገች፤ እንደማይገባትም አወቀች።

ሀይማኖት በመጨረሻ ዐይኗን አነሳች። እንባ ሞልቶት ነበር፤ ቁጣውም አልሄደም።

«ይሄን ለማንም አትጻፊው» አለቻት።